ኦኔዚም፣ የገሃነሙ ቁልፍ ያዥ

ኦኔዚም የፕላሲድ የታዴን ሐሙስ ቀበርነው። በታተመችው ወረቀት ላይ «ኦኔዚም ሌብላን» ብለው አወጡት አሉኝ። እኛ ሰውን በአባቱና በአያቱ ስም እየጠራን፣ በዚህ ስም ማን ያውቀዋል? መንደሩ ግማሹ ሌብላን ነው። የዩኒቨርሲቲው ሹም ራሱ መጥቶ ሣጥኑ አጠገብ ቆመና፣ «በቤተ መጻሕፍታችን ይህ ሰው ያላነበበው መጽሐፍ አልነበረም» አለ። ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። እኔ ከንፈሬን ነክሼ ጣራ ጣራውን አየሁ። ኤግዚልዳ በሰው ቀብር ሳቅ ያዛት ብላችሁኛል፤ ደርሶኛል። ሳቅ አልነበረም። እፍረት ነው። ዐይኗን በጨው የታጠበች የምትሉኝ እናንተ ናችሁ፣ ማፈር አውቃለሁ ብል ማን ያምነኛል? ቢሆንም የቢንጎው ቁጥር መጠራት ሳይጀምር ጆሯችሁን ስጡኝ። ቸኩያለሁ፤ እስከ ነገ ቅዳሴ ድረስ ብቻ ነው ጊዜ ያለኝ።

ወጣቶቹ ኦኔዚምን የምታውቁት ሸምግሎ፣ ክራባት አስሮ ነው። እኔ የማውቀው የቄሶቹ ኮሌጅ ውስጥ የማሞቂያ ምድጃ ሲያነድ፣ ፊቱ ጥላሸት ሆኖ ነው። በሰባት ዓመቱ ነው ከትምህርት ቤት የወጣው። አባቱ ጫካ ግንድ ሊቆርጥ ሲሄድ ይዞት ሄደ፤ በቃ። ጫካ ግን ቁጥር ተማረ። ግንድ ሲቆረጥ ጫፉ ላይ ቁጥር ይመታበት የለ? ያን እያየ አደገና ቁጥር ላይ ጋኔን ሆነ። ሺህ ግንድ መሐል የጎደለችውን አንዷን ይነግርሃል።

የዚያን ጊዜ ቤተ መጻሕፍት የምትሉት ከጸሎት ቤቱ በላይ ያለች አንዲት ክፍል ነበረች። እዚያ አዛዡ አባ ሄክቶር ነበሩ፤ ዐይናቸው የደከመ፣ ደግ፣ ትንባሆ የሚያሸቱ ቄስ። መጽሐፉ ሁሉ ጀርባው ላይ ቁጥር ተጽፎበታል፣ በቁጥሩ ተራ ይቆማል። አንድ ቀን ኦኔዚም ከሰል ይዞ ሲገባ አባ መሰላል ላይ ወጥተው እየተደናበሩ ነው።

«አባ፣ የሚፈልጉትን ቁጥር ይንገሩኝ» አላቸው።

ነገሩት። ሄዶ በአንድ እጁ መዞ አመጣው። ሌላ ነገሩት። አመጣው። በሳምንቱ ጥላሸቱን አስታጥበው መጽሐፍ መላሽ አደረጉት። ማንበብ ትችላለህ ወይ ብሎ የጠየቀው የለም። መጽሐፍ ከመደርደሪያ የሚያወጣና የሚመልስ ሰው ማንበብ አይችልም ብሎ ማን ይጠረጥራል?

መንደሩ ደግሞ ሊቅ አደረገው። እሁድ እሁድ መጽሐፍ በብብቱ ይዞ ሲያልፍ ሽማግሌዎች ቆባቸውን ያነሱለት ጀመር። እሱም አልጠላውም፤ እውነቱን ልናገር፣ አንገቱ ረዘመ። ደብዳቤ አንብብልን ሲሉት፣ «መነጽሬን ረስቻለሁ» ይላል።

እኔ ወለል ጠራጊ ነበርኩ። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት መወልወያዬን ተደግፌ አየሁት። መጽሐፍ ገልጦ ተቀምጧል። ሰው ሲያነብ ዐይኑ ይሄዳል፣ ይመጣል። የኦኔዚም ዐይን ግን ገጹ መሐል እንደ ችካል ተተክሏል። ትንሽ ይቆይና ይገልጣል፤ ትንሽ ይቆይና ይገልጣል።

«ምን ይላል?» አልኩት።

«ከባድ ነገር ነው፣ አይገባሽም።»

«እስቲ አንዲት መስመር።»

«መነጽሬን ረስቻለሁ።»

«አፍንጫህ ላይ ያለው ታዲያ የማን ነው? የሟቹ አባትህ የፕላሲድ?»

ደም መሰለ። ዙሪያውን አየና፣ «ኤግዚልዳ፣ በእናትሽ» አለኝ።

«አይዞህ። እኔም ስንት ዓመት መነጽር ስረሳ ኖሬያለሁ፤ ያውም ኖሮኝ የማያውቅ መነጽር።»

የኔን አፍ ታውቁታላችሁ። ወሬ ሆዴ ውስጥ አድሮ አያውቅም። ይህቺን ግን አሳደርኳት። አንደኛ፣ የሱን ብናገር የራሴም ይወጣል። ሁለተኛ… ባሌ ከሞተ ሦስት ዓመቱ ነበር፣ ኦኔዚምም ያን ጊዜ ሸጋ ነበር። አትሳቁ፣ ተውኝ።

አሁን ገሃነሙን ልንገራችሁ። የሮም ቤተ ክርስቲያን እንዳይነበቡ የከለከለቻቸው መጻሕፍት ነበሩ፤ ቄሶቹ መቼም መጽሐፍ ማቃጠል አይሆንላቸውም፣ በብረት በር ቆልፈው ያስቀምጧቸዋል። ያቺን ጓዳ ራሳቸው ናቸው «ገሃነም» የሚሏት። ተማሪው፣ «አባ፣ እገሌ የተባለ መጽሐፍ አለ?» ሲል፣ «ገሃነም ነው» ይሉታል፤ አለቀ።

ኮሌጁ ዩኒቨርሲቲ ሆነና አዲሱ ሕንጻ ሲያልቅ መጽሐፉን ያጋዝነው እኛ ነን፤ እዚህ ከተቀመጣችሁት ሽማግሌዎች ያላጋዘ የለም። ከኮረብታው እስከ አዲሱ በር ደብሩ ሁሉ ተሰልፎ፣ ከእጅ ወደ እጅ፣ ሁለት ቀን ሙሉ። ምሳ ላይ ፍሪኳችንን፣ ያን የዶሮ ሾርባ፣ ቆመን ጠጣን። የገሃነሙ ተራ ሲደርስ አባ ሄክቶር በዱቄት ጆንያ አስረው ላኩት። አሮጊቶቹ እያማተቡ ተቀበሉ፣ እያማተቡ አሳለፉ። እናቴ አንዱን ጆንያ ይዛ፣ «ኧረ ይሞቃል!» አለች። እኔ በቀዳዳው አሾልቄያለሁ፤ አንድ ሥዕል እንኳ የለውም። ለዚህ ነው የተቃጠልነው?

አዲሱም ሕንጻ ልማድ ሆኖባቸው ምድር ቤት ውስጥ ገሃነም ተሠራለት። ወዲያው በዓመቱ ሮም ክልከላውን ተወችው። መጽሐፎቹ ወጥተው ከሌሎቹ ጋር ተደረደሩ፤ አባ ሄክቶርም ዐረፉ። ባዶው ክፍልና ቁልፉ ኦኔዚም እጅ ቀረ። የሚጠይቀውም የለ።

ከዚያ በአባ ሄክቶር ቦታ ወይዘሪት ሮዝሊን ማዬ አዛዥ ሆና መጣች። ሞንትሪያል ተምራ፣ ፀጉሯን አጭር ተቆርጣ፣ ትንሽዬ ቀይ መኪና እየነዳች። ክፉ አልነበረችም። ይሄንን ቀድሜ ልናገር፣ ኋላ ስለምበድላት።

ሰበሰበችንና እንዲህ አለች፦ «መጽሐፉ በዝቷል፣ የድሮው ቁጥር አይበቃንም። ትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ሁሉ ወደ ፊደል ዞረዋል። ከዛሬ ጀምሮ እኛም እንዞራለን።»

ዘወር ብዬ ኦኔዚምን አየሁት። እንደ ሻማ ነጥቷል።

በየመጽሐፉ ጀርባ አዲስ ወረቀት ተለጠፈ፤ ከላይ ፊደል፣ አንዳንዱ ሁለት ፊደል፣ ከሥሩ ቁጥር፣ ከዚያ እንደገና ፊደል። ሰውየው አምስት ቀን አመመኝ ብሎ ተኛ። በስድስተኛው ቀን ምድር ቤት፣ ባልዲዬ አጠገብ መጥቶ ቆመ።

«የትኛው ይቀድማል?» አለኝ።

«የምኑ?»

«የፊደሉ። ድንኳን የመሰለውን ለይቻለሁ፣ እሱ መጀመሪያ ነው። መንጠቆ የመሰለም አለ። ማበጠሪያ የመሰለ አለ፤ ደግሞ አንድ ጥርሷ የወለቀ ማበጠሪያ አለች። ማንኛዋ ነች የምትቀድመው?»

«እኔ ምን አውቄ!»

«ጋሪው ሞልቷል፣ ኤግዚልዳ። ያስተዋልኩትን መልሻለሁ። የቀረውን የት ላድርሰው?»

«ለሷ ንገራት።»

«ምን ብዬ እነግራታለሁ! ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ አታለልኳችሁ ልበላት? እሁድ ቆባቸውን የሚያነሱልኝ ሽማግሌዎች ምን ይሉኛል?»

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። ለማሳቅ ብዬ፣ ሌላ ነገር አላሰብኩም፣ «ግራ ያጋባህን ሁሉ ገሃነም ክተተው!» አልኩት።

አልሳቀም። ኪሱን ዳሰሰ። ቁልፉ ሲንኳኳ ሰማሁት።

ክረምቱን በሙሉ ገሃነም ሞላ። እሱ አስቦ የነበረው ለጊዜው ነው፤ ፊደሉን ቀስ ብሎ ይለይና ማታ ማታ አንድ በአንድ ያወጣቸዋል። ግን ሁለት ሲያወጣ አሥር ይገባል። ስንት ጊዜ ዐይቼዋለሁ፤ በቁመታቸው ደርድሮ፣ በየሳምንቱ አቧራቸውን እየጠረገ። አንዱንም ጣል አላደረገውም። እኔም በሩን እያለፍኩ እወለውል ነበር።

በጋ ላይ ተማሪው ሲበተን መደርደሪያው ሁሉ ተቆጠረ። ከሁለት ሺህ በላይ መጽሐፍ የለም! መምህራኑ ጮኹ። አንዱ ጥናቴ ተቋረጠ ይላል፣ አንዱ በዓለም ላይ ሦስት ብቻ ያለ መጽሐፍ ነበር ይላል። ወሬው ደግሞ እዚህ አዳራሽ ገባ።

ያን ዕለት እኔ እዚያ፣ መስኮቱ ሥር ነበርኩ። ኮሪን የአልቤ፣ ነፍሷን ይማር፣ «አንቺ እዚያ አይደል የምትውይው? ማን ወሰዳቸው?» አለችኝ።

«እኔ ወለል ነው የማየው» አልኳት።

«ቁልፍ ሁሉ ኦኔዚም እጅ አይደል እንዴ?» አለች ከወዲያ አንዷ።

የቢንጎ ካርቴላዬን ጠረጴዛው ላይ ደፋሁት። ሰው ሁሉ ወደኔ ዞሯል። አንድ ነገር መናገር ነበረብኝ፣ ተናገርኩ።

«እኔ እንኳ ምንም አላልኩም። ግን ወይዘሪቷ መኪናዋ ላይ ካርቶን ስትጭን አይቻለሁ።»

ውሸት አልነበረም። አይቻለሁ። በሩን የያዝኩላትም እኔው ነኝ። ከተከራየችው ክፍል ወደ ሌላ ቤት እየገባች ነበር፤ ካርቶኑ ውስጥ የእናቷ ሳህኖች ነበሩ፣ ዙሪያቸው ሰማያዊ፣ በጋዜጣ የተጠቀለሉ። አንዱን ከፍታ፣ «እትዬ ኤግዚልዳ፣ ይሄ አያምርም?» ብላ አሳይታኛለች። ይሄኛውን ግን አልተናገርኩም። አፌን ዘጋሁት። በሕይወቴ አፌን በሰዓቱ የዘጋሁት ያን ቀን ብቻ ነው፣ እሱንም ለክፋት።

ቢንጎው ሳያልቅ ካርቶኑ አምስት ሆነ። እሁድ ከቅዳሴ ስንወጣ የጭነት መኪና ሆኖ ኬቤክ ደርሷል። ሰኞ የዚያን ጊዜው ሹም ወይዘሪቷን ጠሩና እስከ ወሩ መጨረሻ መጽሐፎቹን አግኚ፣ አለዚያ መልቀቂያሽን ጻፊ አሏት። ዳቦ ቤት ስትገባ ሰው ዝም ይል ጀመር። ደመወዟ ምኗ ነው! ስሟ ነበር የሚሄደው።

ወሩ ሊያልቅ አራት ቀን ሲቀረው ምድር ቤት ወረደች። ዐይኗ አብጧል። ኦኔዚም ጋሪውን ይዞ ቆሟል፣ እኔ ደረጃው ሥር ባልዲ ይዣለሁ።

«ጋሽ ኦኔዚም፣» አለችው፣ «እኔ መጽሐፎቹን በወረቀት ነው የማውቃቸው። እርስዎ በመልካቸው ያውቋቸዋል። አባ ሄክቶር ከሞቱ በኋላ እንደርስዎ የሚያውቃቸው የለም። አብረውኝ አንዴ ይፈልጉልኝ። ብቻዬን መፈለግ ሰለቸኝ።»

እኔን አየኝ። እኔ ባልዲዬን አየሁ። ኦኔዚም እጁን ኪሱ ከተተና ቁልፉን አወጣ። የብረቱ በር ሲከፈት ድምፁ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

ወይዘሪቷ ገብታ መሐል ቆመች። አንዱን ነካች፣ ሌላውን ነካች። ጣቷን አየችው፤ አቧራ የለውም።

«ማን ነው እዚህ ያስቀመጣቸው?»

«እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

ቆቡን አወለቀ። ያ ረጅም ሰው እንዲህ ሲያጥር አይቼው አላውቅም። «ፊደል አላውቅም፣ ወይዘሪት» አላት። «ቁጥር ብቻ ነው።»

እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ጠበቅኩ። «ገሃነም ክተተው ያልኩት እኔ ነኝ፣ ስለ ካርቶኑም ያወራሁት እኔ ነኝ» ማለት ነበረብኝ። ባልዲዬን አንስቼ ወደ ጥግ ፈቀቅ አልኩ። ወይዘሪቷ መጽሐፎቹን ከዳር እስከ ዳር ቃኘች። «በቁመታቸው ነው የደረደሯቸው» አለች፣ ፈገግ ለማለት እየሞከረች። ከዚያ አለቀሰች፤ እሱም አለቀሰ።

በማግስቱ ሹሙ ቢሮ በር ላይ እጀታውን ሳሻሽ ነበር። እጀታው ንጹሕ ነው፣ ታውቁኛላችሁ።

«መጽሐፎቹ ተገኝተዋል» ስትል ሰማኋት። «ወረቀት እስኪቀየር ብዬ ምድር ቤት ያስቀመጥኳቸው እኔ ነኝ። ረስቼው ነው።»

«ሁለት ሺህ መጽሐፍ ይረሳል እንዴ፣ ወይዘሪት?»

«ረሳሁት።»

ስትወጣ አየችኝ። «እኔ ሌላ ሥራ አላጣም፣ እትዬ ኤግዚልዳ» አለችኝ፣ ምንም ሳልጠይቃት። «እሳቸው የት ይሄዳሉ?»

ሹሙም እንዲህ ለምትረሳ ሴት ቤተ መጻሕፍት አይሰጥም አሉ። መንደሩም፣ እኛ ማለቴ ነው፣ «ፈርታ መለሰቻቸው» አልን። ሌብነቱ እላይዋ ላይ ደረቀ። እኔ ይሄንን በጆሮዬ እየሰማሁ እዚህ ወንበር ላይ የቢንጎ ቁጥሬን እከድን ነበር።

እስክትሄድ የቀሯትን ሦስት ሳምንታት ምን አደረገችባቸው መሰላችሁ? ምሳ ምሳ ሰዓት ገሃነም ገብታ፣ በሩን ዘግታ፣ ኦኔዚምን ፊደል አስተማረችው። ማበጠሪያዋን፣ ጥርሷ የወለቀውን፣ ሁሉንም። ቀስ በቀስ ማንበብ ጀመረ። በመጨረሻዎቹ ቀናት ሁለት ሺሁን መጽሐፍ ራሱ ወደየቦታው መለሰው። አንዱንም አልተሳሳተም።

ሄዳ ሥራ ከያዘችበት ከማኒቶባ ደብዳቤ ትጽፍለት ነበር። የመጀመሪያውን አንብቦልኛል፤ በመነጽሩ፣ በጣቱ እየተከተለ። መጨረሻው ላይ «እትዬ ኤግዚልዳን ሰላም በልልኝ» ይላል። ሌሎቹን ሲያመጣ እኔ ሥራ አለብኝ አልኩት።

«መልስ ጻፍላት እንጂ» አልኩት አንዴ።

«ምን ብዬ?»

«እውነቱን ለሹሙ እነግራለሁ ብለህ።»

«አንቺስ ምን ብለሽ ትነግሪያለሽ?» አለኝ። ያን ቀን ነው ስለ ካርቶኑ እንደሚያውቅ ያወቅኩት። ከዚያ በኋላ እኔና ኦኔዚም ምሳ አብረን በልተን አናውቅም። ልቤ ከሱ ጋር የከጀለውም ነገር በዚያው ቀረ።

አልጻፈም። እኔም አልተናገርኩም። ዓመት ዓመትን ሲጨምርበት ነገሩ እየከበደ ሄደ። እሱ ጡረታ ሲወጣ ሜዳልያ አንጠለጠሉለት፤ ገሃነሙንም ቀለም ቀብተው ወንበር አስገብተው በሱ ስም ሰየሙት፣ የመንደራችን የድሮ ወረቀት ሁሉ እዚያ ነው አሁን። ክፍሉ ሲመረቅ ኦኔዚም ሆዴን አመመኝ ብሎ ቀረ። ከሞተ በኋላ፣ ዘግይቶ አግብቶ የወለደው ልጁ ከአልጋው ሥር የደብዳቤ እሽግ አገኘ አለኝ፤ ሁሉም ከመነበብ ብዛት እጥፋቱ ላይ ተቀዷል።

ሐሙስ ከቀብር መልስ እዚህ ሾርባ ስንጠጣ አንዲት አሮጊት አጠገቤ ተቀመጠች። ፀጉሯ አሁንም አጭር ነው፣ ነጭ ግን። ማናችሁም አላወቃችኋትም። እኔ በአካሄዷ አወቅኳት።

«አንዱ ብቻ ነው የተሰበረው» አለችኝ።

«ምኑ?»

«ሳህኑ። ማኒቶባ ስደርስ። በቀሩት እስከ ዛሬ እበላባቸዋለሁ።» ማንኪያዋን አስቀመጠች። «በሩን ስለያዝሽልኝ ያኔ አላመሰገንኩሽም ነበር፣ እትዬ ኤግዚልዳ።»

ሁሉን ታውቃለች። ያን ጊዜም ታውቅ ነበር። እኔ፣ መልስ አጥቼ የማላውቀው ሴትዮ፣ ምን አልኩ? «ሾርባሽ ቀዘቀዘ» ብዬ ሳህኗን ይዤ ተነሣሁ። ኩሽና ገብቼ ሰዉ እስኪበተን አልወጣሁም።

አሁን የእህቷ ልጅ ቤት ናት። ነገ ከቅዳሴ በኋላ ትሄዳለች። እኔ ዛሬ የነገርኳችሁን ለሷ ዐይኗን እያየሁ መናገር አልቻልኩም፤ ደጇ ድረስ ሁለቴ ሄጄ ተመልሻለሁ። ስለዚህ የማውቀውን ሥራ ነው የሠራሁት። ያኔ እዚህች ወንበር ላይ የጣልኳትን ወሬ በአንድ ሳምንት ኬቤክ አድርሳችኋታል። ይህቺኛዋ ወሬ ደግሞ ነገ ሮዝሊን ቤተ ክርስቲያን ስትገባ እንድትቀድማት እፈልጋለሁ፤ ከወንዙ ወዲያም፣ የዛሬው ሹም ቤትም ትድረስ። ሮዝሊን ማዬ መጽሐፍ አልሰረቀችም፣ አልረሳችም። ማን አለ ሲሏችሁ ኤግዚልዳ ራሷ በሉ፤ ብቻ በዚህ ላይ አትጨምሩ፣ ከዚህም አትቀንሱ።

በሉ፣ አሁን ቁጥሩን ጥሩ።